ከሌላ እምነት ጎረቤት ጋር እንዴት እንቀራረብ? ከባንጊው ካርዲናል የተማርኩት

በሰፈራችሁ የክርስቲያንና የሙስሊም ግንኙነት እንዲጠነክር የምትፈልጉ ካላችሁ መጀመሪያ የኚህን ሰው ነገር ስሙኝ። ካርዲናል ዲዩዶኔ ንዛፓላይንጋ ይባላሉ፣ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ የባንጊ ሊቀ ጳጳስ ናቸው። አባታቸው ካቶሊክ እናታቸው ፕሮቴስታንት ስለነበሩ ከልዩነት ጋር መኖርን የለመዱት ገና ከቤት ነው።

አንደኛ፣ ችግር ሳይመጣ ተዋወቁ። በፈረንጆቹ ታህሳስ 2013 ባንጊ ውስጥ ሰው በሃይማኖቱ እየተለየ ሲገደል የአገሪቱ ሙስሊሞች መሪ የነበሩት ኢማም ኡማር ኮቢን ላያማ ቤተሰባቸውን ይዘው የካርዲናሉ ግቢ ገቡና ለወራት እዚያው ኖሩ። ይሄ በአንድ ቀን የመጣ እምነት አይደለም፣ ሁለቱና የወንጌላውያኑ መሪ ፓስተር ኒኮላ ጌሬኮያሜ ቀድመው አብረው መስራት ጀምረው ነበር።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ የራሳችሁን ወገን ገስፁ። ለኔ ትልቁ ይሄ ነው። አንቲ ባላካ የሚባለውን ታጣቂ ቡድን ሰው ሁሉ የክርስቲያን ሚሊሺያ ሲለው ካርዲናሉ አይሆንም አሉ፣ ፀቡም የሃይማኖት ሳይሆን የፖለቲካ ነው እያሉ ነው የዞሩት። በፈረንጆቹ 2017 ደግሞ በትውልድ ከተማቸው በባንጋሱ ሙስሊሞች መስጊድ ውስጥ ሲከበቡ በአካል ሄደው እንዲወጡ ረድተዋል፣ ብዙዎቹም የካቶሊክ ሴሚናሪ ግቢ ውስጥ ተጠለሉ።

ሶስተኛ፣ ቤት ጥሩ፣ ግን ምግቡን አስቡበት። እኛ አገር የስጋው ነገር ስስ ነው መቼም፣ እናቴ ለእህቴ ሰርግ ያደረገችው ሁለተኛውን በግ በገመዱ ጎትታ እትዬ ዘሃራ ቤት ወሰደችው፣ እዚያው ታረደ፣ በእነሱው ድስት ተሰራ፣ ዳሱ ውስጥም ለብቻው ጠረጴዛ ነበረው፣ እትዬ ዘሃራ ራሷ ቆማ ስታስተናግድ ነው የዋለችው። ይሄ ከከበዳችሁ ቡናና ቆሎ ይበቃል፣ የጾም ወቅት መሆኑንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፣ አብራችሁ ታዩ። ኢማሙ በፈረንጆቹ 2020 እስኪያርፉ ድረስ ሶስቱ የባንጊ አባቶች አብረው ሲሄዱ ሰው ገና ሳይናገሩ ያያቸው ነበር። እናንተም ለቅሶ ስትሄዱ የሰፈሩን ሼህ፣ ቄስና ፓስተር አንድ ላይ ይዛችሁ ሂዱ።

ስልካቸውንም ዛሬውኑ ያዙ። መስጊድ ተቃጠለ ቤተክርስቲያን ተነካ የሚል ወሬ ቴሌግራም ላይ ስታዩ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ለሶስቱም ደውላችሁ አጣሩ።