የእህት ኩባንያዎችን በጀትና የተጠቃለለ ሂሳብ በሶፍትዌር ማዘጋጀት፦ ለፋይናንስ ክፍሎች የቀረበ መመሪያ

በአንድ እናት ኩባንያ ሥር ያሉ አራት አምስት ድርጅቶች በጀታቸውንም የዓመት መዝጊያ ሂሳባቸውንም በኤክሴል እየሠሩ ረጅም መንገድ መሄድ ይችላሉ። አንድ ቀን ግን «በጀት የመጨረሻ 3» እና «በጀት የመጨረሻ የጸደቀ» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች ይገኙና የትኛው ለቦርድ እንደቀረበ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ይጠፋል። ይህ ጽሑፍ እዚያ ደረጃ ላይ ለደረሱና የእቅድ፣ የበጀትና የሂሳብ ማጠቃለያ ሶፍትዌር ለመትከል ለሚያስቡ የፋይናንስ ክፍሎች የተዘጋጀ ነው። ለማሳያ የምንጠቀመው ምናባዊ ቡድን ሲሆን፣ መቀመጫው አዲስ አበባ ሆኖ የዱቄት ፋብሪካ፣ የዳቦና ብስኩት ፋብሪካ፣ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት እና ጅቡቲ ውስጥ የተመዘገበ የትራንዚት ድርጅት አሉት።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች በአገራችን ሥራ ላይ እየዋሉ ነው። በእነዚህ ደረጃዎች መሠረት ሌሎች ኩባንያዎችን የሚቆጣጠር እናት ኩባንያ፣ ደረጃው በዘረዘራቸው ጥቂት ሁኔታዎች ካልተፈቀደለት በስተቀር፣ ቡድኑን እንደ አንድ ድርጅት የሚያሳይ የተጠቃለለ የሂሳብ መግለጫ ማቅረብ አለበት። የአራት ኩባንያዎችን ቁጥር ጎን ለጎን ደርድሮ መደመር ማጠቃለል አይባልም፤ ለምን እንደማይባል ወደ ኋላ በቁጥር እናያለን።

በቅድሚያ ሁለት ዓይነት ሶፍትዌሮችን መለየት ያስፈልጋል። ፒችትሪን፣ ኦዱን ወይም ኤስኤፒን በመሳሰሉ ሥርዓቶች የዕለት ግብይት ይመዘገባል፤ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ቼክ ይጻፋል፣ ዕቃ ይወጣል። የእቅድና የማጠቃለያ ሶፍትዌር ደግሞ ከእነዚህ በላይ ተቀምጦ የሁሉንም የወር መጨረሻ ቀሪ ሂሳብ ይሰበስባል። ይህ ገበያ በ2007 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ውስጥ መልኩን ቀየረ፤ ኦራክል ሃይፐርየንን በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፣ ኤስኤፒ አውትሉክሶፍትን ወሰደ፣ አይቢኤም ደግሞ ኮግኖስን ለመግዛት ተስማማ። ከዚያ በኋላ አናፕላንንና ዋንስትሪምን የመሰሉ ድርጅቶች ተጨምረዋል። ስማቸው ይለያይ እንጂ በአብዛኛው አሠራራቸው ይመሳሰላል፦ እያንዳንዱ ቁጥር አድራሻ አለው። «4 ሚሊዮን ብር» ብሎ ማስገባት አይቻልም፤ የየትኛው ኩባንያ፣ የየትኛው የሂሳብ መደብ (አካውንት)፣ የየትኛው ወር፣ በጀት ነው ወይስ ክንውን፣ በምን ገንዘብ፣ ከየትኛው እህት ኩባንያ ጋር የተደረገ የሚሉት ሁሉ አብረው መግባት አለባቸው። ኤክሴል ውስጥ ይህ መረጃ ያለው በፋይሉ ስም፣ በሉሁ ስምና በሒሳብ ሹሙ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ሶፍትዌር መምረጥ ሳይሆን የሂሳብ መደቦችን ማስማማት ነው። ዱቄት ፋብሪካው «ነዳጅ» የሚለውን ወጪ ከማምረቻ ወጪ ሥር አድርጎት ሊሆን ይችላል፤ የጭነት ድርጅቱ የቀጥታ ወጪ ያደርገዋል፤ የጅቡቲው ድርጅት መደቦቹን የሚጽፈው በፈረንሳይኛ ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ዝርዝር እንደያዘ ይቀጥል፤ በእናት ኩባንያው በኩል ግን አንድ የቡድን ዝርዝር ይዘጋጅና የእያንዳንዱ ኩባንያ መደብ ከየትኛው የቡድን መደብ ጋር እንደሚገጥም የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይሠራ። የቡድኑ ዝርዝር አጭር ይሁን። በእኔ አስተያየት ከ200 በላይ መደብ የሚጠይቅ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ያልተስማማባቸውን ነገሮች ነው በመደብ ቁጥር የሚሸፍነው። ከእህት ኩባንያ የሚሰበሰብና ለእህት ኩባንያ የሚከፈል ሂሳብ ግን ከሌላው ተሰብሳቢና ተከፋይ ተነጥሎ የራሱ መደብ ሊኖረው የግድ ነው፤ ይህ ካልተደረገ በዓመቱ መጨረሻ የሚለይበት መንገድ አይኖርም።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ከውጭ የሚመጡ ሶፍትዌር ተካይ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው የበጀት ዓመት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ይሆናል። ሰኔ 30 እና ጁን 30 አንድ ቀን አይደሉም፤ በመካከላቸው የሰባት ቀን ሽያጭ፣ የሰባት ቀን ወለድና አንዳንዴም የወር ደመወዝ አለ። ኩባንያው የሚዘጋው በየትኛው እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይረጋገጥ።

ጳጉሜ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ኤስኤፒን በመሳሰሉ ሥርዓቶች ከ12ቱ መደበኛ ወራት በተጨማሪ ከ13 እስከ 16 የተቆጠሩ ልዩ የሂሳብ ወቅቶች ስላሉ፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው አገር ሰው ጳጉሜን በ13ኛው ውስጥ ለማስቀመጥ መፈለጉ አይፈረድበትም። ነገር ግን 13ኛው ወቅት የሚመጣው ከሰኔ በኋላ ሲሆን የተሠራውም ለመዝጊያ ማስተካከያዎች ነው፤ ጳጉሜ ግን በእኛ የበጀት ዓመት በሁለተኛው ወር በነሐሴና በሦስተኛው ወር በመስከረም መካከል ትውላለች። ስለዚህ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አዋህዶ የ35 ወይም የ36 ቀን ወር ማድረጉ የተሻለ ነው። ይህ ሲደረግ የነሐሴ ምርት ከሐምሌው በልጦ መታየቱ አይቀርምና በጀቱ በወር ሳይሆን በሥራ ቀን ይከፋፈል። ደመወዝ ግን በወር የሚከፈል በመሆኑ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም።

በጀቱን ለማዘጋጀት በሚያዝያ መነሻ ግምቶችን መላክ፣ በግንቦት የኩባንያዎቹን ረቂቅ መቀበልና መከራከር፣ በሰኔ አጋማሽ ለቦርድ ማቅረብ የሚቻል የጊዜ ሰሌዳ ነው። ዋናው ጥያቄ የሥራ ክፍሎች ወደ ሶፍትዌሩ ምን ያስገባሉ የሚለው ነው። ብር እንዲያስገቡ ከተጠየቁ ያለፈውን ዓመት ቁጥር ላይ አሥር ወይም ሃያ በመቶ ጨምረው ይልካሉ፤ ይህን ያላየ የበጀት ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ የሚያውቁትን ያስገቡ፦ ፋብሪካው ኩንታል፣ የጭነት ድርጅቱ ምልልስ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ የሠራተኛ ብዛትና ደረጃ። ዋጋውን፣ የምንዛሪ ተመኑንና የደመወዝ ስኬሉን እናት ኩባንያው በአንድ ቦታ ይያዝ፤ ማባዛቱን ሶፍትዌሩ ይሥራው።

የጭነት ድርጅቱን እንውሰድ። 40 ተሳቢዎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው በወር 3 ጊዜ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ደርሰው ይመለሳሉ፣ አንድ ምልልስ 900 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል ብለን እንያዝ። የወሩ ፍጆታ 108,000 ሊትር ይሆናል። የናፍጣ ዋጋ በሊትር አንድ ብር በጨመረ ቁጥር የወሩ ወጪ በ108,000 ብር ያድጋል፤ አሥር ብር ሲጨምር ከአንድ ሚሊዮን ብር ያልፋል። በዚህ መልክ በተሠራ በጀት አዲስ የነዳጅ ዋጋ ሲታወጅ የሚቀየረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ በብር በተሞላ በጀት ግን ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ከሁሉ በላይ፣ በዓመቱ መካከል ወጪው ከበጀት ሲበልጥ ምክንያቱ ዋጋው ይሁን፣ የምልልሱ ብዛት ይሁን፣ ወይስ በምልልስ የሚፈጀው ሊትር፣ ተለይቶ ይታያል። የመጨረሻው ሲሆን ጥያቄው ለዓለም ገበያ ሳይሆን ለጋራዡና ለሾፌሩ ይቀርባል።

ቦርዱ ያጸደቀው በጀት ወዲያውኑ ይቆለፍ። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ «ትንበያ» በሚባል ሌላ ቅጂ ላይ ይሁን። ትንበያውን በየሩብ ዓመቱ ማደስና ሁልጊዜ የሚቀጥሉትን 12 ወራት እንዲያሳይ ማድረግ ጠቃሚ ነው፤ የጸደቀውን በጀት እያሻሻሉ ክንውኑን ከተሻሻለው ጋር ማወዳደር ግን ተማሪው የራሱን ፈተና እንዲያርም እንደ መፍቀድ ነው።

አሁን ወደ ማጠቃለሉ እንለፍ። ዱቄት ፋብሪካው በዓመቱ ውስጥ ለዳቦ ፋብሪካው የ12 ሚሊዮን ብር ዱቄት ሸጧል፤ ዱቄቱን ለማምረት ያወጣው 10 ሚሊዮን ብር ነው። ሰኔ 30 ላይ ከዚህ ዱቄት ሩቡ፣ ማለትም በመሸጫ ዋጋው 3 ሚሊዮን ብር የሚያወጣው፣ የዳቦ ፋብሪካው መጋዘን ውስጥ አለ። የሁለቱ ሂሳብ ዝም ብሎ ቢደመር ቡድኑ ለራሱ የሸጠው 12 ሚሊዮን ብር እንደ ሽያጭ ይቆጠራል፣ መጋዘን ውስጥ ያለው ዱቄትም ገና ከውጭ ሰው ያልተገኘ የ500,000 ብር ትርፍ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ በማጠቃለያው ላይ ከሽያጭ 12 ሚሊዮን፣ ከተሸጡ ዕቃዎች ዋጋ 11.5 ሚሊዮን፣ ከዕቃ ክምችት ደግሞ 500,000 ብር ይቀነሳል። ሶፍትዌሩ ይህን በራሱ እንዲሠራ ግዢው «ከእህት ኩባንያ» ተብሎ የተመዘገበ፣ በመጋዘን ያለው ቀሪም በሻጭ የተለየ መሆን አለበት። የመጋዘን ቆጠራው ዱቄቱን ከየት እንደመጣ ሳይለይ የሚቆጥር ከሆነ ምንም ያህል ውድ የሶፍትዌር ፈቃድ ቢገዛ ሩቡን ማወቅ አይቻልም።

የእርስ በርስ ተሰብሳቢና ተከፋይም እንደዚሁ ይቻቻላሉ፤ ችግሩ ሁለቱ ወገኖች የያዙት ቁጥር እኩል አለመሆኑ ነው። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ቡድን የሁለት እህት ኩባንያዎችን ልዩነት ለማግኘት ከሳምንት በላይ ደረሰኝ ስናገላብጥ ከርመን መነሻው ቅድመ ግብር፣ ማለትም ገዢው ከክፍያው ላይ ቀንሶ የሚያስቀረው ግብር፣ ሆኖ ተገኘ። ገዢው ቅድመ ግብሩን ቀንሶ ሲከፍል እዳው ሙሉ በሙሉ እንደተዘጋ መዝግቧል፤ ሻጩ ግን የቅድመ ግብር ደረሰኙ እስኪደርሰው ድረስ የተቀነሰውን እንደ ተሰብሳቢ ይዞታል። ከዚያ ወዲህ የማምንበት አሠራር አንድ ነው፦ የእርስ በርስ ሂሳብ በየወሩ እስከ 5ኛው ቀን ይመሳከር፣ ስምምነት በማይገኝበት ጊዜ የሻጩ ቁጥር ይጽና፣ ገዢው ያስተካክል። ሻጩ ሁልጊዜ ትክክል ስለሆነ አይደለም፤ ደንቡ አስቀድሞ ካልታወቀ ክርክሩ ሰኔ 30ን ያልፋል።

የጅቡቲው ድርጅት ሁለት ተጨማሪ ሥራ ያመጣል። ሂሳቡን በዲሴምበር መጨረሻ የሚዘጋ ከሆነ ከእናት ኩባንያው መዝጊያ ጋር ያለው ርቀት ከሦስት ወር ስለሚበልጥ፣ ዓለም አቀፉ የሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ያንን ሂሳብ እንዳለ እንድንጠቀምበት አይፈቅድም፤ ለማጠቃለያው ሲባል በሰኔ 30 የተቆረጠ ተጨማሪ ሂሳብ ማዘጋጀት አለበት። ሁለተኛው ምንዛሪ ነው። ንብረትና ዕዳ በመዝጊያው ቀን ተመን፣ ገቢና ወጪ ግብይቱ በተፈጸመበት ቀን ወይም በአማካይ ተመን ወደ ብር ይለወጣሉ፣ ልዩነቱም በትርፍና ኪሳራ ሳያልፍ በሌላ ጠቅላላ ገቢ በኩል ወደ ካፒታል ክፍል ይገባል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.721 የታሰረ በመሆኑ በተግባር የሚንቀሳቀሰው ብሩ ነው።

አማካይ ተመን መቼ እንደማይሠራ ያየነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 74 ብር ገደማ ገባ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም 100 ብርን አለፈ። ለዚያች ሐምሌ አንድ አማካይ መጠቀም የወሩን የመጀመሪያ ሦስት ሳምንታትና የመጨረሻዎቹን ቀናት አንድ ላይ መጨፍለቅ ነው፤ ተመኑ በዚህ መጠን ሲዋዥቅ ደረጃውም አማካይ መጠቀምን ተገቢ አይደለም ይላል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ በወር ብቻ ሳይሆን በቀን ተመን መቀበል መቻሉ ከመግዛታችሁ በፊት በተግባር ይፈተሽ።

የውጭ እናት ኩባንያ ላላቸው ድርጅቶች ሥራው በተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል። ለምሳሌ የኬንያው ሳፋሪኮም የበጀት ዓመቱን የሚዘጋው በማርች 31 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ተቀጥላውን ሂሳብ ሲያጠቃልል ለከፍተኛ የዋጋ ንረት የሚደረገውን ማስተካከያ ጭምር ሠርቷል። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ያለ የአዲስ አበባ ሒሳብ ሹም ለአገር ውስጥ አንድ፣ ለእናት ኩባንያው ሌላ መዝጊያ እንደሚሠራ አውቆ የሰው ኃይሉን ማቀድ አለበት።

ዋጋን በተመለከተ፣ የታላላቆቹ ድርጅቶች ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ በተጠቃሚ ብዛት ተሰልቶ በውጭ ምንዛሪ በየዓመቱ የሚከፈል ነው። በአንድ ገንዘብ ብቻ የሚሠሩና እርስ በርስ እምብዛም የማይገበያዩ ሦስት ኩባንያዎች ከላይ የተባለውን ሥርዓት በኤክሴል ቢይዙት ይበልጥ ያዋጣቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ሶፍትዌሩ ከተተከለ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ሩብ ዓመታት ከአሮጌው አሠራር ጋር ጎን ለጎን ይሂድ። ሁለቱ የሚሰጡት የተጠቃለለ ትርፍ ሲለያይ፣ ልዩነቱ በመደብ በመደብ ተጽፎ ምክንያቱ ይቀመጥ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው አሮጌው ሆኖ ይገኛል፣ ያኔም ያለፈው ዓመት ሪፖርት መታረም ይኖርበት እንደሆነ ከኦዲተሩ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ ከተብራራ በኋላ አሮጌዎቹ ፋይሎች ለንባብ ብቻ ተደርገው ይቀመጡ፣ በማጠቃለያ ደረጃ ማስተካከያ የመመዝገብና የማጽደቅ ሥልጣንም ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሰጥ።