የፊት ጭን ጡንቻን ኃይል በእጅ መመርመር

ጡንቻን በእጅ የመመርመር ዘዴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቦስተን ሐኪሙ ሮበርት ሎቬት የፖሊዮ ሕሙማንን ሲከታተሉ ያዳበሩት ነው፤ ዛሬ በስፋት የሚሠራበትን ከ0 እስከ 5 ያለውን ደረጃ ደግሞ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1943 እ.ኤ.አ. አወጣው። ሁለቱም የሚመዝኑት በመሬት ስበት ነው፤ ስለዚህ ምርመራው ስበትን ከመቋቋም፣ ማለትም ከደረጃ 3 መጀመር አለበት።

ታካሚው በአልጋው ጠርዝ ላይ እግሩ ወለል ሳይነካ ይቀመጣል። መርማሪው በመጀመሪያ የታካሚውን ጉልበት ራሱ ዘርግቶ መገጣጠሚያው እስከ የት እንደሚሄድና ሕመም መኖሩን ያያል፤ ከዚያም ጤናማውን እግር አስቀድሞ ይመረምራል። ታካሚው እግሩን ሳያወናጭፍ በዝግታ እስከ መጨረሻው ከዘረጋ ቢያንስ 3 ያገኛል። ቀጥሎ ጉልበቱ ጥቂት እንዲታጠፍ ይደረጋል፤ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ መገጣጠሚያው ስለሚቆለፍ የጡንቻው ድክመት ይሸፈናልና። መርማሪው «እማማ፣ ልጫነው ነው፣ እንዳይታጠፍብዎ አጥብቀው ይያዙ» ብሎ ከቁርጭምጭሚት በላይ ኃይሉን ቀስ በቀስ እየጨመረ ወደ ታች ይጫናል። ሙሉውን ጫና ከያዙ 5፣ ጥቂት ተቋቁመው ከተሸነፉ 4 ይሆናል።

እግሩን ሽቅብ ማንሳት ካልቻለ በጎኑ ይተኛል፤ መርማሪው የላይኛውን እግር ደግፎ ሲይዝለት ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ ከዘረጋ 2 ነው። እዚህ ላይ ዓይን ከጉልበቱ ይልቅ ዳሌው ላይ ይሁን፤ ታካሚው ጭኑን ወደ ውስጥ በማዞር እግሩ በራሱ ክብደት እንዲዘረጋ ሊያደርግ ይችላልና፣ ይህን ያላስተዋለ መርማሪ ለሌለ ኃይል ነጥብ ይሰጣል። እንቅስቃሴ ከሌለ ጣት ከጉልበት ሎሚ በላይ ባለው ጅማት ላይ ያርፋል፤ መኮማተር ከተሰማ 1፣ ካልተሰማ 0።

ደረጃ 4 እጅግ ሰፊ ነው። የቤት ደረጃ መውጣት የሚቸገር ሰውና ሊድን ጥቂት የቀረው ሰው በዚህ አንድ ቁጥር ሊመዘገቡ ስለሚችሉ፣ ከሌላው እግር ጋር ያለው ልዩነትም በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል። ባት ደግሞ የመርማሪውን እጅ በቀላሉ ስለሚያሸንፍ በእጅ አይለካም፤ ታካሚው በአንድ እግሩ ቆሞ ተረከዙን 25 ጊዜ እንዲያነሳ ይጠየቃል።

ያልጠገነ ስብራት ወይም በቅርቡ የተሰፋ ጅማት ባለበት እግር ላይ ጫና አይደረግም። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ትንፋሹን እንዳያፍን ይነገረው። ከስትሮክ በኋላ ግትር ያለ ጡንቻ የሚሰጠው ቁጥርም የእውነተኛ ኃይሉ መለኪያ አይሆንም።

መዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የታካሚው አቀማመጥና ሕመም የተሰማበት ቦታ ይስፈር፤ «ጉልበት» በቋንቋችን መገጣጠሚያውንም ብርታቱንም ስለሚያመለክት፣ ለብርታቱ «የጡንቻ ኃይል» ብሎ መጻፍ ተረኛውን ባለሙያ ከስሕተት ያድናል።