ቆማ የከረመችን ፒክአፕ «በቃ እናስነሳት» ከማለታችሁ በፊት

ጥሪው ሁሌም አንድ ነው። «ጋሼ፣ የአባባ ፒክአፕ ግቢ ከቆመች ስድስት ዓመቷ። አዲስ ባትሪ ገዝተናል። ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበን ልናስነሳት ነው፤ ብቅ ይበሉ እንጂ!»

ብቅ አልልም። ብዙውን ጊዜ ሰኞ ጠዋት እሷ ራሷ በካቦ ተጎትታ ጋራዤ ደጃፍ ትደርሳለች።

ጥሪው ለምን እንደበዛ ይገባኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ዶሮ ሲያድርባት የኖረች ሃይሉክስ ድንገት ንብረት ሆነች። እሰየው ነው። ግን የማያቸው ስህተቶች ያው ናቸው፣ እኔም በመድገም ደከመኝ። የምጽፈው በእጄ ስላለፉት ነው፦ ቱ ኤል፣ ስሪ ኤል እና ፋይቭ ኤል የናፍጣ ሞተር ስላላቸው የድሮ ሃይሉክሶች። ሌላ መኪና ያላችሁም ብዙው ይሠራላችኋል።

በመጀመሪያው ቀን ማስነሳት

ሁሉም ሰው ድምፅ መስማት ይፈልጋል። ሞተሩ ከተነሳ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው።

እስቲ አስቡት። ስድስት ዓመት ስትቆም ዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ወርዷል። ላይ ያለው ብረት ደርቋል። ሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቭና ፒስተንን በጊዜ የሚያጣጥመው ቀበቶ) ጎማ ነው፤ ጎማ ቆሞም ያረጃል። «ዳሽቦርድ ላይ የቺንጋ መብራት አልበራም እኮ» ይሉኛል። ያ መብራት ኪሎ ሜትር ይቆጥራል እንጂ ዓመት አይቆጥርም። የእነዚህ ሞተሮች ቺንጋ ከተበጠሰ ወይም ጥርሱ ከተላጠ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ የምናወራው ስለ ቺንጋ አይደለም፣ ስለ ቴስታታ፣ ስለ ሞተሩ ራስ ነው።

አንድ ጎረምሳ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ አሁንም ሰላም ይለኛል። የአያቱን ስሪ ኤል ቁልቁለት ላይ አስገፍቶ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ተነሳች። እልልታም ነበር አሉ። ለአርባ ሰከንድ ያህል ሠራች። ከዚያ ቋ! ብላ ዝም። ሳወልቀው ቺንጋው ደርቆ እንደ ቋንጣ ተሰነጣጥቋል። አራት ቫልቭ ታጥፏል። የቺንጋውን ዋጋ ቆጥቦ የሙሉ ቴስታታ ሥራ ከፈለ።

ትክክለኛው መንገድ አሰልቺ ነው። መጀመሪያ የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ። የማሞቂያ ካንዴላዎቹን አውልቁና በየቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፣ ከዚያ አይበልጥም። አሳድሩት። በማግስቱ የክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ቡሎን በመፍቻ ይዛችሁ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ካንዴላዎቹ ስለወጡ ብዙ አይከብድም። አልዞር ካለ አትታገሉት፣ ባለሙያ ጥሩ። ከዞረ ቺንጋውንና መወጠሪያውን ቀይሩ። ያኔም ገና አትነሳም። የናፍጣ ፖምፓው ላይ ነዳጅ የምትከፍተውን ሽቦ ንቀሉና በሞተሪኖ (በማስነሻው) አሥር አሥር ሰከንድ አዙሩት፣ በመሃሉ እያሳረፋችሁ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ። ጭንቅላታችሁን ካንዴላ ቀዳዳው ላይ አትደቅኑ፤ የተጨመረው ዘይት ተረጭቶ ይወጣል። መብራቱ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ላይኛው ብረት ደርሷል ማለት ነው። ካንዴላውን መልሱ፣ ሽቦውን መልሱ።

ይሄ ሁሉ ሁለት ቀን ይፈጃል። ስድስት ዓመት ለጠበቀች መኪና ሁለት ቀን ምን አላት?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አሁንም አያለሁ። እምቢ ስትል ቤንዚን የነከረ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ የሚያስጠጋ ሰው አለ። ካንዴላው እየጋለ! እጁ የተቃጠለ ረዳት አውቃለሁ። ፒስተን የተሰበረበትም አውቃለሁ። የናፍጣ ሞተር በቤንዚን እንፋሎት ያለ ጊዜው ይፈነዳል። ተዉት።

በአሮጌው ናፍጣ ላይ አዲስ መጨመር

«ሃያ ሊትር አዲስ ስንጨምርበት ይስተካከላል» ይባላል። አይስተካከልም። ግማሽ ባዶ የሆነ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንከር) ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላብ ያወጣል። ያ ውሃ ከናፍጣው ስር ይቀመጣል። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ላይ ደግሞ ተሕዋስ ይራባል። ከስር ስታወጡት ጥቁር፣ የሚያሟልጭ፣ እንደ ተበላሸ አብሽ ያለ ነገር ታገኛላችሁ። ሽታው አይረሳም።

የእነዚህ ሞተሮች የናፍጣ ፖምፓ ራሱን የሚያለሰልሰው በዚያው በናፍጣው ነው። ውሃ ከገባበት ውስጡ ይበላል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አራግፉ፣ ሰልባትዮውን እጠቡ፣ የናፍጣ ፊልትሮ ቀይሩ። ከዚያ በፊልትሮው ራስ ላይ ባለችው የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር ድረስ እየተጫናችሁ አየሩን አውጡ። ጀማሪዎች ይቺን ረስተው ባትሪ ይጨርሳሉ። የናፍጣ ሞተር አየር ከሳበ ቀኑን ሙሉ ብታዞሩት አይነሳም።

ቤንዚን ከሆነች ደግሞ አሽትቱት። እንደ ቀለም ቤት ከሸተተ አልቆለታል።

የፍሬን ነገር

እዚህ ላይ ሌላውን አልወቅስም። ጥፋቱ የራሴ ነው።

የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም የደንበኛ ሃይሉክስ አስነስቼ ወደ ደብረ ማርቆስ ላደርስ ያዝኩ። አራት ዓመት የቆመች ነበረች። ሞተሯን እንደ ሰዓት አድርጌያታለሁ። ፍሬኗን ግን በግቢ ውስጥ ረገጥኩ፣ ያዘ፣ «ይበቃል» አልኩ። ማሰሮዋ ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ቡና መስሎ ነበር። አይቼዋለሁ። አይቼ አለፍኩት።

ጎሃ ጽዮንን አልፈን ዓባይ በረሃ መውረድ ጀመርን። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ ጠመዝማዛ ነው። ፍሬን እየነካካሁ ግማሽ መንገድ ስደርስ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ባዶ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ባዶ። ረዳቴ «ኸረ ማርያም!» ብሎ በሩን ያዘ። ሦስተኛ አስገባሁ፣ ሁለተኛ አስገባሁ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ በተራራው በኩል ያለውን ቦይ ተደግፌ በፓራፋንጎዋ አቆምኳት።

የሚያስፈራው የኋላው ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ተመለሰ። የሚያንጠባጥብ ነገር የለም። የተበጠሰ ነገር የለም።

የሆነው እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፣ በታሸገ መስመር ውስጥ ሆኖም ቢሆን ቀስ እያለ ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ወዲያ ነው። ውሃ የጠጣው ግን 140 ገደማ ላይ ይፈላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ይሆናል። አረፋ ይጨመቃል፣ ዘይት ግን አይጨመቅም። ስለዚህ እግራችሁ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሲቀዘቅዝ አረፋው ተመልሶ ዘይት ይሆናል። ማንም መካኒክ ቢያየው «ፍሬኑ ደህና ነው» ይላል።

ስለዚህ የቆመች መኪና ላይ ዘይቱን ማየት አይበቃም። አሮጌውን በሙሉ በአራቱም ጎማ አውጡት፣ ንጹሕ እስኪመጣ። የኋላ ታምቡሮቹን አውልቁ፤ የፍሬን ሸራው ተጣብቆ፣ ሲሊንደሩ ዝጎ ታገኛላችሁ። የማስተሩንም (ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው ዋና ሲሊንደር) የጎማውንም ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ማሸጊያ፣ ቀይሩ፣ የፊት ላስቲክ ቱቦዎቹንም። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ማሰሮው ውስጥ የሚጨምር ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት። ጎሚኒው ሁሉ አብጦ ይሞታል።

እኔ አሁን ፍሬን ያላለቀላትን መኪና ቁልፏን ኪሴ እከታለሁ። ባለቤቱም ቢቆጣ።

ጎማውን በጥርሱ መመዘን

«ጎማው አዲስ ነው፣ ጥርሱ አልተነካም።» ጥርሱን ማን ጠየቀ? ጎኑን አጥፋችሁ እዩት፣ ስንጥቁን። ከዚያ ጎኑ ላይ «DOT» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች ፈልጉ። 2309 ካለ በ2009 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ የሀገራችን ልዩ ስህተት አለ። አንድ ደንበኛዬ ያንን አንብቦ «2009 እኮ ቅርብ ነው፣ ልጄ የተወለደችበት ዓመት» አለኝ። ፋብሪካው በእኛ አቆጣጠር አይጽፍም! በፈረንጅ 2009 የእኛ 2001 ነው። በአንድ ንባብ ስምንት ዓመት ከጎማው ላይ ቀነሰለት። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ለዶሮ ቤት ጣሪያ ማስደገፊያ ይሁን። ስኮርታውንም አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ የሁሉም ሽማግሌ እሱ ነው።

ቴርሞስታት አውልቆ መጣል

የሙያ ጓደኞቼ ይቅር ይበሉኝ፣ ይሄ የእኛ ጥፋት ነው። መኪና ሲሞቅ «ቴርሞስታቱን አውጣው፣ ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው» የምንለው ነገር። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞረውን የውሃ መንገድ ይዘጋል። ካወጣችሁት መንገዱ ክፍት ይቀራል። ግማሹ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ይበላል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይሞቃል። የእነዚህ ሞተሮች ቴስታታ ሙቀት አይችልም፣ ይሰነጠቃል።

አዲስ ቴርሞስታት ግዙ። የራዲያተር ክዳንም አዲስ ግዙ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ያንን ከፍ አድርጎ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው። ማሸጊያ ላስቲኩ የሞተ ክዳን ይዛችሁ እንጦጦን ስትወጡ ትፈላላችሁ። የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙሉ፤ ዝገት መከላከያ ያለውን አረንጓዴውን ወይም ቀዩን ቀላቅሉ።

አጫጭሮቹ

ባትሪው ለዓመታት ባዶ ከነበረ አይድንም፣ ቻርጅ በማድረግ ጊዜ አታጥፉ።

አይጥ። የአየር ፊልትሮ ቤቱን ሳትከፍቱ አታስነሱ። አንዴ ሙሉ የጭድ ጎጆ ከነልጆቿ አግኝቻለሁ። ረዳቴ «ጋሼ፣ ኪራይ እየከፈለች ነው ወይ?» አለኝ። ሽቦዎቹን ግን ዘጠኝ ቦታ በልታ ነበር፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሁለት ቀን ፈጀበት።

ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሽ አልገባ ካለ ዲስኩ ዝጎ ከፍላይዊሉ ጋር ተጣብቋል። ግድግዳ ላይ ገጭቶ የሚያላቅቅ ሰው አይቻለሁ። ግድግዳው ግን የጎረቤት ነበር።

ለረጅም ጊዜ ስትቆም የእጅ ፍሬን ስባችሁ አታቁሟት። በመጠን በመጠን የተቆረጠ ግንድ ከጎማው ፊትና ኋላ ይበቃል። ይሄ ለሚቀጥለው ጊዜ ነው።

ወረቀቱ። ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫው ከፍርድ ቤት እስኪመጣ ጊዜ ይፈጃል፤ ሞተሩን ሳትነኩ እሱን ጀምሩ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፣ «ለሙከራ ብቻ ነው የወጣሁት» የሚል ነገር የለም። ቦሎም ያው።

በመጀመሪያው ቀን ሩቅ መሄድ

ከተነሳች፣ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳትረግጡ የምትሠራበት ዙር) ከተስተካከለ፣ ፍሬኗ ከያዘ በኋላም ዘመድ ጥየቃ ደብረ ብርሃን አትሂዱ። በሰፈር ውስጥ አምስት ኪሎ ሜትር ንዱና አቁሙ። በየጎማው መሃል እጃችሁን አስጠጉ፣ ሳትነኩት። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም፣ ወይ የጎማው መሽከርከሪያ ኩሽኔታ ደርቋል። ኮፈኑን ክፈቱና ቱቦዎቹን እዩ።

ማታ ከሥሯ ትልቅ ካርቶን አንጥፉ፣ የት ጋ የፊት ጎማ እንደሆነ በእስክሪቢቶ ምልክት አድርጉበት። ጠዋት አውጥታችሁ እዩት። ከመሃል ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ከፊት አረንጓዴ ወይም ዝገት የመሰለ ከሆነ ራዲያተር ነው። ከጎማ አጠገብ ቀጭንና የሚያሟልጭ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፣ ቁልፉን አስቀምጡና ደውሉልኝ። ካርቶኑን ግን ይዛችሁ ኑ፣ አትጣሉት።