ለሞዴል ጀልባ ክሊር ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

መጀመሪያ የሠራሁት በሪሞት የሚነዳ የናይትሮ ጀልባ (ናይትሮ የሚባል ነዳጅ የሚጠጣ ሞተር ያለው) ሰማያዊ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀባሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ በመጨረሻም ከሱቅ የገዛሁትን የስፕሬይ ክሊር፣ ማለትም ቀለሙን ከላይ የሚሸፍነውን ቀለም የለሽ ቫርኒሽ፣ ደረብኩበት። መስታወት መሰለ። ሐይቅ ወስጄ አንድ ታንክ ነዳጅ አስጨረስኩትና ከማርሚታው የተረጨውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ክሊሩ ለስልሶ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ሥር ያለው ቀለምም አብሮት ይላጣል። ቆርቆሮው ላይ ግን «ነዳጅ ይቋቋማል» የሚል በትልቁ ተጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ልጆች በዚያው መንገድ ልፋታቸውን ሲያጡ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

«ነዳጅ ይቋቋማል» የሚለውን አምኖ መግዛት

የትኛውን ነዳጅ? ጥያቄው ይሄ ነው። የናይትሮ ነዳጅ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት (የጉሎ ዘይት ወይም ሰው ሠራሽ ዘይት) ድብልቅ ነው። ሜታኖሉም ናይትሮሜቴኑም ቀለም ያሟሟሉ። ለመዝናኛ በሚነዱ ጀልባዎች ናይትሮሜቴኑ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 በመቶ ነው፤ ውድድር ላይ 50 እና 60 በመቶ የሚጠቀሙ አሉ። 10 በመቶውን የቻለ ክሊር 60ው ላይ ሊቀልጥ ይችላል። ቤንዚን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚነዳው ጀልባ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ቤንዚን ለቀለም ከናይትሮ ይሻላል፣ ቶሎ ከጠረጋችሁት ተራ የፖሊዩሪቴን ቫርኒሽም ብዙ ጊዜ ይችለዋል። ስለዚህ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ጀልባችሁ የሚጠጣውን ነዳጅና የናይትሮሜቴኑን መጠን እወቁ። ጀልባው በባትሪ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ይሄ ሁሉ አይመለከታችሁም፤ ፀሐይና ውሃ የሚችል ክሊር ይበቃል፣ ገንዘባችሁንም ሳንባችሁንም አትርፉ።

መድረቅንና መብሰልን አንድ ማድረግ

ተራው የአክሪሊክ ስፕሬይ ክሊር የሚደርቀው ቲነሩ ስለሚተን ብቻ ነው። ስኳር በውሃ ሟሙቶ ቢደርቅ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ይሟሟል አይደል? ያው ነው። ሜታኖል ሲያርፍበት ክሊሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሃርድነር (ክሊሩን የሚያጠነክር ሁለተኛ ፈሳሽ) የሚገባበት፣ ቱ ኬ የሚባለው የመኪና ክሊር ግን ከሃርድነሩ ጋር ተያይዞ ሌላ ነገር ይሆናል፣ መብሰል የምለው ይሄን ነው፤ የተጋገረ እንጀራ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም። ለናይትሮ ጀልባ እኔ የምመክረው እሱን ብቻ ነው። ኢፖክሲም (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ነዳጅ በደንብ ይችላል፤ ችግሩ ፀሐይ ላይ ቢጫ ይሆናል። ነጭ ጀልባ ላይ በጣም ያስጠላል። ውስጡን ለመቀባት ግን ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ሃርድነርን በዓይን መለካት

ቆርቆሮው 2 ለ1 (ሁለት እጅ ክሊር ለአንድ እጅ ሃርድነር) ካለ 2 ለ1 ነው፣ 4 ለ1 ካለም እንደዚያው። የአንዱን ክሊር ከሌላ ዓይነት ሃርድነር ጋር አትቀላቅሉ። «ቶሎ እንዲደርቅ ትንሽ ልጨምር» ማለት አያዋጣም። ሃርድነሩ እዚያው ውስጡ ያለበት ቱ ኬ ስፕሬይም አለ፤ ታች ያለውን ቁልፍ ስትጫኑት ሁለቱ ይቀላቀላሉ፣ ከዚያ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቆርቆሮው ውስጥ ይደርቃል። ስለዚህ ጀልባው ታጥቦ፣ ታሽቶ፣ ተሸፍኖ ሳያልቅ ቁልፉን እንዳትጫኑ።

ያለ ማስክ መርጨት

እባካችሁ ይቺን አትዝለሏት። ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ አስም ያስይዛል። አንዴ ሰውነታችሁ ካልወደደው ከዚያ በኋላ ጥቂቱ እንኳን ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። የአቧራ ማስክ ምንም አያደርግም፣ ሽታ የለውም ማለትም የለም ማለት አይደለም። ባለሙያዎቹ ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚገባበት ማስክ ነው የሚያደርጉት። ቤት ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት፣ ኩሽና ጥግ ላይ፣ በፍጹም። ዕቃው ከሌላችሁ የተቀባውን ጀልባ መኪና የሚቀባ ጋራዥ ውሰዱት፤ መኪና ሲቀቡ የተረፈች ክሊር ለአንድ ጀልባ ትበቃለች። አገር ቤት ላላችሁም ይሄ መንገድ ይሠራል፣ ጋራዥ በብዙ ሰፈር አለ።

ከሥር ያለውን መርሳት

ክሊሩ ጎበዝ ቢሆንም ሥሩ ያለው ቀለም ካልቻለው ይሸበሸባል። የቱ ኬ ቲነር ኃይለኛ ነው፤ በደንብ ያልደረቀ ኢናሜል (የዘይት ቀለም) ላይ ስትረጩት ቀለሙ የአዞ ቆዳ ይመስላል። ይሄ ሲሆን ያለው አማራጭ ፍቆ እንደገና መጀመር ነው። ስቲከርም እንደዚሁ፣ መጀመሪያ ስስ ጉም የምትመስል አንድ ዙር እለፉበት፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ ነው ወፈር ያለውን እርጥብ ዙር መርጨቱ። አንዴ በወፍራሙ የጫነ ሰው ወይ ይንጠባጠብበታል ወይ ቲነሩ ከሥር ታፍኖ ይቀራል።

ሳይበስል ሐይቅ መውሰድ

በማግስቱ ስትነኩት ድንጋይ ይመስላል። አይደለም። በ20 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሳምንት ስጡት፣ ቀዝቃዛ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ከዚያም በላይ። እስከዚያ ሞተሩን ግጠሙ፣ ሰርቮውን (መሪውን የምታዞረውን ትንሽ ሞተር) አስተካክሉ።

በትርፍ ቁራጭ አለመሞከር

ከጀልባው ጋር አብራችሁ አንድ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ቀቡ። ያው ቀለም፣ ያው ክሊር፣ ያው ቀን። ከሳምንት በኋላ የራሳችሁን ነዳጅ ጠብ አድርጉበትና ግማሽ ሰዓት ተዉት። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ጠርጉት፣ በጥፍርም ጫን በሉት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ወይም የጥፍራችሁ ምልክት ከቀረ ጀልባውን ነዳጅ አታስነኩት።

ውጪውን ብቻ መቀባት

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ነዳጁ የሚገባው ከሚያብረቀርቀው ጎን አይደለም፤ የቪስ ቀዳዳ አለ፣ የተቆረጠ ጠርዝ አለ፣ ታንኩ ሥር ያለው እንጨት አለ። በቀዳዳው ገብቶ ክሊሩን ከሥር ያነሳዋል፣ ከላይ ሲታይ ነጭ አረፋ ይመስላል። እኔ አሁን ቀዳዳዎቹን ሁሉ ከክሊሩ በፊት እበሳለሁ፣ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ኢፖክሲ ጠርዛቸውን አስይዛለሁ፣ የሞተሩንና የታንኩን ክፍል ደግሞ ሁለት ጊዜ በኢፖክሲ እቀባለሁ። ሁለተኛው ጀልባዬ ቀይ ነው፣ ማርሚታው ሥር ያለችው ቀዳዳ ዙሪያ እስካሁን አንድም አረፋ የለም።