ስቴላሪስ ጌም ውስጥ ጦር ከመላካችሁ በፊት መንገዱን እዩ

ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። እንዲያም ሆኖ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ጋ ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የጠፈር ስትራቴጂ ጌም ይህን ሕግ ቢያከብር ጦርነቱ ሳይጀመር እንቅልፍ ይወስደናል። ስለዚህ ሁሉም የየራሱን አቋራጭ ያበጃል።

መጀመሪያ የአቋራጩን ዓይነት ለዩ። በዋርፕ ወደፈለጋችሁት ኮከብ ቀጥታ ትበራላችሁ። በሃይፐርሌን የምትሄዱት በተዘረጋ መስመር ብቻ ነው። በዎርምሆልና በጌትዌይ ደግሞ በአንዱ በር ገብታችሁ በሌላው ትወጣላችሁ። የጠፈር ስትራቴጂ ጌሙ ስቴላሪስ በ2016 ሲወጣ ሁሉም ተጫዋች የሚሻለውን ይመርጥ ነበር። በ2018 ግን ሁሉም በሃይፐርሌን እንዲጀምር ተደረገ። ብዙዎች ተቆጥተዋል። እኔ ግን ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። ጠላት በፈለገበት ከገባ ምኑን ድንበር አላችሁ?

ቀጥሎ የጋላክሲውን ካርታ ክፈቱና ከአገራችሁ የሚወጡትን መስመሮች አንድ በአንድ በዓይን ተከተሉ። የምትፈልጉት ማነቆ ነው፤ ከኋላው አምስት ስድስት ኮከብ ያለበት፣ ወደ ውጭ ግን አንድ መስመር ብቻ ያለው ኮከብ። ሌላውን ትታችሁ መጀመሪያ እሱን ያዙ። እኔ አንድ ጊዜ በዋናው በር ላይ ጦሬን ሁሉ ደርድሬ ስጠብቅ፣ ጠላት ልብ ባላልኳት ቀጭን መስመር ገብቶ ከኋላዬ ያሉትን ፕላኔቶች ለቀማቸው። መስመሯ ካርታው ላይ ነበረች። አላየኋትም፣ አለቀ።

ማነቆው ላይ የኮከብ ጣቢያችሁን ወደ ምሽግ አሳድጉ። የጉዞ ማገጃው ቴክኖሎጂ ካላችሁ፣ የገባ ጠላት ምሽጉን ሳይሰብር አልፎ መሄድ አይችልም። ያለው ምርጫ በመጣበት መመለስ ነው።

ርቀት ስትለኩ ከኮከብ ወደ ኮከብ ያለውን የዝላይ ብዛት ብቻ አትቁጠሩ። መርከቦቹ ኮከቡ ጋ ከደረሱ በኋላ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው የሚሻገሩት በተራ ሞተር ነው። ጊዜውን የሚበላው እሱ ነው።

ጨዋታው ሲገፋ ጃምፕ ድራይቭ ይመጣል። መስመሩን ዘልላችሁ ጠላት ጓዳ ትወርዳላችሁ። ከዝላዩ በኋላ ግን መርከቦቹ ለወራት ይደክማሉ፤ ፍጥነታቸውም የመሣሪያቸው ጉልበትም ይቀንሳል። ያረፈ ጦር ወደሚጠብቅበት ቦታ መዝለል ራስን አሳልፎ መስጠት ነው።

መስመር ከሰለቻችሁ የ2006ቱን ሶርድ ኦፍ ዘ ስታርስ የተባለ ጌም ሞክሩ። እዚያ እያንዳንዱ ዘር የራሱ አካሄድ አለው። ሃይቨር የሚባሉት ዘሮች ከብርሃን ፍጥነት በታች ነው የሚሄዱት፣ ያዘግማሉ። በር የምትተክለው መርከባቸው ከደረሰች ግን ጦራቸው በዚያ ወዲያው ይጎርፋል። እያዘገመች የምትመጣ መርከብ ካያችሁ አትናቋት፤ በሩን ሳትከፍት ምቷት።