የቪክቶሪያ ዘመን መነባንብ ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የሮበርት ብራውኒንግን «ማይ ላስት ደችስ» (የቀድሞዋ መስፍኒቴ እንደማለት) ያነበበ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል። «ሰውየው ሚስቱን ሲወድ!» ወይም «ይሄ ገጣሚ ሴት ይጠላል እንዴ?»። ሁለቱም ነጥቡን ስተዋል። ችግሩ ግጥሙን እንደ ማንኛውም የስሜት ግጥም ማንበብ ነው። ድራማዊ መነባንብ ወይም ፈረንጆቹ እንደሚሉት ድራማቲክ ሞኖሎግ ሌላ ጨዋታ ነው። አንድ ገጸ ባህሪ ያወራል፣ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ዝም ያለ ሰው ያዳምጠዋል። እኛ ከጎን ሆነን ጆሯችንን እንጥላለን። ብራውኒንግና ሌላው እንግሊዛዊ ገጣሚ አልፍሬድ ቴኒሰን ከ1830ዎቹ ጀምሮ የተካኑበት አጻጻፍ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሥነ ጽሑፍ የሚማር ተማሪም ሆነ ለደስታው የሚያነብ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ አካባቢ ነው።

«እኔ» የሚለው ገጣሚው ይመስለናል

ይሄ ዋናው ነው። ብራውኒንግ በጥር 1836 ባሳተመው «ፖርፊሪያስ ለቨር» (የፖርፊሪያ ፍቅረኛ) ውስጥ ተናጋሪው ፍቅረኛውን በገዛ ጸጉሯ አንቆ ይገድላታል። ከዚያ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ አስደግፎ ሌሊቱን ሙሉ አብሯት ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ «እግዚአብሔርም እስካሁን ምንም አላለም» ይላል። ገጣሚው ያኔ 23 ዓመቱ ነው፤ ከእናት ከአባቱ ጋር የሚኖር ሰላማዊ ልጅ። እንዳትጠረጥሩት። እሱም ሳይሰጋ አልቀረም መሰለኝ፣ በ1842 ባወጣው መድበል ላይ ንግግሮቹ የምናባዊ ሰዎች እንጂ የእኔ አይደሉም ብሎ አስቀድሞ ጽፏል። ስለዚህ ፈተና ላይ «ብራውኒንግ እንዲህ ይላል» ብላችሁ አትጻፉ። «ተናጋሪው እንዲህ ይላል» በሉ።

ተናጋሪውን ማመን

«ማይ ላስት ደችስ» የታተመው በዚያው በ1842 መድበል ነው። ቦታው ጣሊያን፣ ፌራራ ነው። አንድ መስፍን ለእንግዳው የሟች ሚስቱን ሥዕል ያሳያል። ሥዕሉ መጋረጃ አለው፤ መጋረጃውን ከእሱ በቀር ማንም አይገልጠውም። ቆመው እያዩ ሰውየው ማማረር ይጀምራል። ሚስቴ በቀላሉ ነበር ደስ የሚላት ይላል። እኔ የሰጠኋት ጌጥ፣ የፀሐይ መጥለቅ፣ አንድ ሞኝ ከአትክልቱ ቦታ ቆርጦ ያመጣላት የቼሪ ቅርንጫፍ፣ ግቢ ውስጥ የምትጋልባት ነጭ በቅሎ፣ ሁሉም ለእሷ እኩል ነበሩ። የ900 ዓመት የዘር ስሜን ከማንም ስጦታ ጋር አንድ አደረገችው። ዝቅ ብዬ ልምከራት? አላደርገውም። ትዕዛዝ ሰጠሁ፤ ፈገግታው ሁሉ ባንዴ ቆመ።

እስቲ ክሱን ብቻ ነጥላችሁ አውጡት። ሴትዮዋ ምን አጠፋች? ፈገግ አለች። ጉንጯ ቀላ። ሰው አመሰገነች። ውሽማ አለባት አላለም። ዋሸችኝም አላለም። ከሳሹ ራሱ የመከላከያ ምስክር ሆኖ አረፈው። ደግሞ መሃል ላይ «የንግግር ችሎታ የለኝም» ይላል፤ እንዲህ ተዋቅሮ፣ እንዲህ ቤት እየመታ በሚፈስ ንግግር ውስጥ!

ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። እዚህ ወርቁን ኅብረ ቃል ውስጥ አትፈልጉት። ባለ ቅኔው ወርቁን አውቆ ነው የሚደብቀው። መስፍኑ ግን ራሱን ሲክብ ነው የሚያመልጠው።

አድማጩን መርሳት

እንግዳው ማን እንደሆነ የምናውቀው ግጥሙ ሊያልቅ ጥቂት ስንኞች ሲቀሩት ነው። የአንድ ቆንት (የመኳንንት ማዕረግ ነው) መልእክተኛ ነው፤ የመጣው የቆንቱን ልጅ ለመስፍኑ ለማጋባት ነው። ይህን ይዛችሁ ከመጀመሪያው ድገሙት። ያ ሁሉ ወሬ ስለ ሥዕል አልነበረም። የጋብቻ ድርድር ነበር። ጥሎሽ እንደማይነፈገኝ አውቃለሁ፣ የምፈልገው ግን ልጅቷን ነው ይላል በለሰለሰ አንደበት።

አምልጦት ነው ወይስ ሆን ብሎ? እኔ ሆን ብሎ ነው ባይ ነኝ። መልእክተኛው ተመልሶ ለአዲሷ ሙሽራ እንዲነግርለት ነው፤ የቀድሞዋ በምን እንደጠፋች ትስማ ነው ነገሩ። ይህን የማይቀበሉ አንባቢዎች አሉ፣ ክርክሩም ደስ ይላል። ክርክሩ የሚነሳው ግን አድማጩን ላስታወሰ ሰው ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ መስፍኑ «አይ፣ አብረን እንውረድ» ይለዋል። ሰውየው ምን ቢያደርግ ነው እንዲህ ያለው? በአክብሮት ወደ ኋላ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ቶሎ ሊወጣ ፈልጎ። አንድ ቃል አይተነፍስም፤ እንቅስቃሴው ግን ከመስፍኑ አፍ ይታያል።

አሥረኛው ስንኝ ላይ ፈርዶ መጨረስ

«ክፉ ሰው ነው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ግን ክፉ ከሆነ ለምን እስከ መጨረሻው ሰማነው? ሮበርት ላንግባም የተባለው ሃያሲ በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ድራማዊ መነባንብ የሚሠራው አንባቢውን በመረዳትና በመፍረድ መሃል ወጥሮ በመያዝ ነው አለ። ብራውኒንግ በ1845 ያሳተመው የጳጳሱ ግጥም ጥሩ ማሳያ ነው። ጳጳሱ ሊሞት እያጣጣረ ነው። አልጋው ዙሪያ «የወንድሜ ልጆች» የሚላቸው ልጆቹ ቆመዋል። እሱ የሚለምናቸው ስለ ነፍሱ ሳይሆን ስለ መቃብሩ ነው፦ የዕብነ በረዱ ጥራት፣ የሰማያዊው ድንጋይ ትልቅነት፣ ከጠላቱ ከጋንዶልፍ መቃብር መብለጡ። ያስቃል። ግን ልጆቹ እንደማይሠሩለት እያወቀ ሲለምን ሆድ ይበላል። ሃያሲው ጆን ረስኪን ስለ ሬነሳንስ (የአውሮፓ የጥበብ ትንሣኤ ዘመን) በ30 ገጽ የጻፍኩትን እሱ በዚያው ያህል ስንኝ ጨረሰው ብሎ ያደነቀው ይህን ግጥም ነው።

«ዩሊሲስ»ን ሞቲቬሽን ማድረግ

የቴኒሰን «ዩሊሲስ» የመጨረሻ ስንኝ፣ መታገል፣ መፈለግ፣ ማግኘት፣ አለመንበርከክ የሚለው፣ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የአትሌቶች መንደር ግድግዳ ላይ ተጽፎ ነበር። ያምራል። ቴኒሰን ግጥሙን የጻፈው በ1833 ነው፤ የልብ ጓደኛው አርተር ሃለም ቪየና ላይ በድንገት ከሞተ በኋላ፣ በ24 ዓመቱ፣ በሽማግሌ ድምፅ። ወደፊት ልሂድ የሚለው ስሜት የእውነት ነው። ግን ሙሉውን አንብቡ። ተናጋሪው ዩሊሲስ፣ የግሪክ ተረቱ ጀግና ንጉሥ ኦዲሲየስ፣ ሚስቱን «ያረጀች» ይላል። ሕዝቡን የሚያከማች፣ የሚተኛና የሚበላ አረመኔ ያደርገዋል። መንግሥቱን ለልጁ ጥሎ፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ ወደ ባሕር ሊሄድ ነው። ቴኒሰን መነሻ ካደረጋቸው አንዱ የሆነው ጣሊያናዊው ገጣሚ ዳንቴ ደግሞ ይህን ሰው ያስቀመጠው ሲኦል ውስጥ ነው፤ ጉዞውም መርከቧ ከነሰዎቿ ሰጥማ ያልቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ያንን ስንኝ ግድግዳ ላይ ሲያየው ትንሽ ይቀፈዋል።

በነገራችን ላይ ዘመኑ ከእኛ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። የዓፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ እንግሊዝ በገባበት በ1868፣ ዋይት ደሴት ላይ ፎቶ ያነሳችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት፤ የቴኒሰን ጎረቤት።

ስንኙ ባለቀ ቁጥር ማቆም

«ማይ ላስት ደችስ» 56 ስንኝ አለው፤ ሁለት ሁለቱ ቤት ይመታሉ። ግን ዓረፍተ ነገሮቹ ስንኙን ጥሰው ስለሚያልፉ ቤቱ ብዙም አይሰማም። ስለዚህ ድምፅ አውጥታችሁ እንደ ወሬ አንብቡት፣ ሥርዓተ ነጥብ ላይ ብቻ ቁሙ። ቃሉ ቢጠፋባችሁ አትፈሩ፤ ብራውኒንግ ራሱ በ1889 ድምፁ በሰም ሲሊንደር ሲቀዳ የገዛ ግጥሙን መሃል ላይ ረስቶ ይቅርታ ጠይቋል።

ታሪክ ማሳደድ

የ«ማይ ላስት ደችስ» መስፍን የፌራራው አልፎንሶ ዳግማዊ ነው፣ ሚስቱም በ1561 በ16 ዓመቷ የሞተችው ሉክሬዚያ ደ ሜዲቺ ናት ይባላል። ማወቁ አይከፋም። መስፍኑ ሥዕሉን ሠራው የሚለው ሠዓሊ ፍራ ፓንዶልፍ ግን ፈጠራ ነው፣ ሥዕሉን በየሙዚየሙ አትፈልጉ። ትዕዛዙ ምን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ብራውኒንግ እንድትገደል ነው አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ገዳም አስገብቷት ሊሆንም ይችላል አለ።

ሁለት ወንዶች ላይ መቅረት

የብራውኒንግ ባለቤት የሆነችው ገጣሚ የኤልዛቤት ባሬት ብራውኒንግ «ዘ ራናዌይ ስሌቭ አት ፒልግሪምስ ፖይንት» (1848) ላይ የምትናገረው ከባርነት ያመለጠች ሴት ናት፤ ከነጭ ጌታ የወለደችውን ልጇን ገድላለች። አሜሪካን የመሠረቱት ፈረንጆች በወረዱበት ዳርቻ ቆማ ትረግማለች። ከመስፍኑ ይልቅ ለእሷ ማዘንና በእሷ መፍረድ ይከብዳል።

ሌላዋ ገጣሚ ኦገስታ ዌብስተር ደግሞ በ1870 «ኤ ካስታዌይ»ን (የተጣለችው እንደማለት) አሳተመች። ተናጋሪዋ ገላዋን የምትሸጥ ዩላሊ የምትባል ሴት ናት። የልጅነት ማስታወሻዋን እያገላበጠች ብቻዋን ታወራለች፤ ይሄኛው ላይ አድማጭ የለም። ሥራዬ ከማን ሥራ ይብሳል ብላ ትጠይቅና አንድ በአንድ ትጠራቸዋለች፦ ክፍያው ወዳደላበት የሚዋሹ ጠበቆች፣ ራሳቸው የሚጠራጠሩትን የሚሰብኩ ሰባኪዎች፣ መርዝ በግምት የሚያዝዙ ሐኪሞች። ጋዜጠኞችንም አልማረችም።