የስላይዱ አማርኛ ክፍል ውስጥ ሲዘበራረቅ፦ የሠራው መፍትሔ

ቤት ውስጥ ልክ የነበረው የፓወርፖይንት ስላይድ በክፍሉ ኮምፒውተር ሲከፈት የአንድ መስመር ርዕስ ሁለት መስመር ሆነ፤ የመጨረሻው ጥያቄም ከስላይዱ ግርጌ ወርዶ ተቆረጠ። ፕሮጀክተሩ ጥፋት የለበትም። ፋይሉ የያዘው የፎንቱን ስም ብቻ ስለሆነ፣ ስላይዱ የተጻፈበት ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ያልተጫነበት ማሽን በሌላ ፎንት ይተካዋል፤ የፊደሉም ስፋት ይለወጣል። ኒያላ በዊንዶውስ 7 አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ለብቻው የሚጨመር ነው።

የሠራው፦ ስላይዱ በተዘጋጀበት ኮምፒውተር ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ገብቶ «ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» (ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ ጠቅልል) ላይ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ እንደገና ሴቭ። ከሥሩ ካሉት ሁለት ምርጫዎች ሁሉንም ፊደላት የሚያስገባውን ይያዙ። ሌላኛው ስላይዱ ላይ ያሉትን ፊደላት ብቻ ስለሚወስድ፣ ተማሪ ፊት አንድ ቃል ላርም ሲሉ ጉድ ያደርጋል። ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል፣ ግድ የለም።

አንዳንድ ፎንት መጠቅለልን ይከለክላል፤ ያኔ በፒዲኤፍ ማውጣት ነው፣ እነማው (አኒሜሽኑ) ቢቀርም።

አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ከመጣ ግን ጽሑፉ ዩኒኮድ (ለሁሉም ኮምፒውተር የጋራ የሆነ የፊደል ኮድ) ባልሆነ አሮጌ ፎንት የተተየበ ነው። ወደ ሌላ ፎንት መቀየር አያድነውም፤ ያው አሮጌ ፎንት ካልተጫነ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ ነው።